ሮዝ የተቀባው በር

ሆባርት
ማክሰኞ ጠዋት፣ ጁላይ 14

ውድ ኢዋን፣

ይህ ወረቀት የሚደርስህ ጥሩ እንቅልፍ ተኝተህ በነቃህበት ጠዋት ይሁን። ከዚህ በላይ የምመኝልህን ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት።

ስልክህን ጀልባ ቤቱ መደርደሪያ ላይ እንደተውከው ሮሪ ነግሮኛል። «ወንድሜ ከማረባቸው የኦይስተር ዛጎሎች ጋር ግን ያወራል፤ አይመልሱለትማ» አለኝ። ደብዳቤ ከላክሽ እጁ ላይ አስቀምጥልሻለሁ ስላለኝ ነው የምጽፈው። እጅህ እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ አድርቀው፤ ይህ ቀለም ይለቃል።

እኛ ደህና ነን። ይህን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ቆም ብዬ አየሁት። ደህና ነን። ተራራው ላይ በረዶ ወርዷል። የጌም መሥሪያ ክፍላችን ማሞቂያ እንደ ድሮው አንድ እግር ብቻ ያሞቃል። ከታች ያለው ዓሣ ጥብስ ቤት ዘይቱን ስላልቀየረ ሁላችንም ትናንት የተጠበሰ ነገር እንሸታለን።

በአንተ ቦታ አለቃ መሆኔን ሮሪ ሳይነግርህ አልቀረም። ከእኔ ግን አልሰማኸውም። አንተ በሄድክ በሳምንቱ ብሮንዊን የመሳያ ብዕሯን አስቀመጠችና «እንግዲህ አንድ ሰው መምራት አለበት» አለች።

«እኔን አትዩኝ» አለ ቪሊያሚ። «እኔ ሰው ካየኝ ኮድ መጻፍ ይጠፋኛል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምዘምረው ከምሰሶ ጀርባ ሆኜ ነው።»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ እኮ ድምፅ ነው የምሠራው» አልኩ። «ነፋስ። የእግር ኮቴ።»

«የኢዋንን ሐሳብ የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ» አለች ብሮንዊን።

አላስተባበልኩም። የባሌን ሐሳብ አላውቅም ማለት በዚያች ሰዓት ስለ ጌሙ ብቻ መናገር አልመሰለኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ይጠይቀኛል። ጌሙ ውስጥ ማዕበሉ የሚነሣው መቼ ነው፣ ጀልባዋ ብትሰበር ሴትዮዋ ከየት ትጀምር፣ የባሕር ወፎቹ ይብዙ ወይስ ይቀነሱ። ፊቴን እንደሚያውቅ ሰው አደርገዋለሁ። ስትጠየቅ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር አይደል? እኔም አያለሁ። መስኮቱ ውስጥ ምንም የለም፤ የመኪና ማቆሚያ ነው። ቪሊያሚን ይህ ሥራ ስንት ጊዜ ይፈጃል ስለው «ችግር የለም» ይለኛል። ችግር የለም የጊዜ መጠን አለመሆኑ እስኪገባኝ ቆየሁ።

የሲድኒ ሰዎች ያሉትን ታስታውሳለህ። ጌሙ በኦገስት መጨረሻ ከነፍጻሜው ካልተሰጣቸው አያሳትሙትም። ካላሳተሙት ክፍሏ ትዘጋለች፤ ቪሊያሚ ብሪዝበን ወንድሞቹ ጋ ይሄዳል፤ ብሮንዊን ወደ ሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ትመለሳለች። ሁሉም ነገር ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ሴትዮዋ ከማዕበሉ በኋላ የጎረቤቶቿን ዕቃ በጀልባ እየቀዘፈች ለየባለቤቱ ታደርሳለች፤ በመጨረሻ ማዶ ትሻገራለች፤ ቤቱ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። በሩ ሮዝ ነው።

ያንን ቀለም ስጠላው ትስቅብኝ ነበር። ያልተሠራ ነገር ሁሉ ዓይን በሚወጋ ሮዝ ይቀባ ብለህ ደንብ አወጣህ። «ያልተሠራ ነገር ማፈር የለበትም፤ መጮህ ነው ያለበት» አልከን። ድልድዩ ሮዝ፣ የደሴቷ ግማሽ ሮዝ፣ አንድ ጊዜ ውሻዋ ሳትቀር ሮዝ ነበረች። ብዙው አንድ በአንድ መልኩን አገኘ፤ የድልድዩ መሐልና ጥቂት ቦታዎች ቀሩ። በሩን ግን ማንም አልነካውም። ከጀርባው ምን እንዳለ ስንጠይቅህ «እሱን ለእኔ ተዉት» ትለን ነበር። ተውንልህ።

አሳታሚዋ ካሮል ከሲድኒ ልትመጣ ነው ሲባል፣ ኢዋን፣ እናቴ ያደረገችውን አደረግኩ። እንግዳ ሲመጣ ያልታጠበ ልብስ አልጋ ሥር ይገባል። ብሮንዊንን ጠርቼ «ሮዙን ሁሉ አጥፊልኝ» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እሺ አለቅዬ» አለች።

ቪሊያሚ ከጥግ ሆኖ «ቤቱ ሊሸጥ ነው እንዴ?» አለ። ሳቅሁ። እዚህ ሰው አለቃውን ተሳስተሻል አይልም፤ ይቀልድበታል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በአለቆቼ ላይ ስቀልድ የኖርኩ ሴት፣ ቀልዱ ወደ እኔ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ መሆኑን አላወቅኩትም። አንተ ብትሆን ታውቀው ነበር።

ብሮንዊን ደግሞ እንዴት አሳምራ ሠራችው መሰለህ። የድልድዩ እንጨት ላይ የእርጅና ሽበት አወጣች። በሩን የታጠበ አረንጓዴ ቀባችው፤ እጀታው ሥር ብዙ እጅ የነካው የሚመስል ጥቁረት ጨመረችበት። ካሮል መጣች፤ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ አየች። «ይሄ እኮ ያለቀ ነው» አለች። አላለቀም ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ብስኩት ትፈልጊያለሽ አልኳት። ከዚያ በአንድ እጇ ብስኩቱን፣ በሌላው ስልኳን ይዛ «ታዲያ የኦገስትን መጨረሻ ምን ያስጠብቀናል? መጀመሪያው ላይ እንረከባችሁ» አለች።

አዎ አልኩ፤ እንደ ቪሊያሚ «ችግር የለም» አልኩ።

እሷ እንደወጣች ቪሊያሚ ሴትዮዋን ድልድዩ ላይ አራመዳት። መሐል ስትደርስ ደህና በሚመስለው እንጨት ውስጥ አልፋ ባሕር ገባች። ከሥሩ ምንም አልነበረም፤ ሮዝ እያለ ማንም የማይረግጠው ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራችን ፍለጋ ሆኗል። ያለቀውና ያላለቀው አንድ ዓይነት መልክ ይዘዋል። እያንዳንዱን ድንጋይ በእግራችን እየነካን እንሄዳለን፤ ግድግዳውን እንገፋለን፤ አንዳንዱ ይገፋናል፣ አንዳንዱ ይውጠናል።

«ባለፈው ወር ያላለቀው ነገር የት እንዳለ እናውቅ ነበር» አለ ቪሊያሚ። ይህኛው ቀልድ አልነበረም።

ቤታችንም ውስጥ እንዲህ አስባለሁ። ጠረጴዛው ጠረጴዛ ይመስላል። ወንበርህ ወንበር ይመስላል። ይቅር፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሐሙስ ጎረቤታችን ዶት ጌሙን ሊሞክሩልን መጡ። የሥጋ ፓይ እንዳለ ስለሚያውቁ አይቀሩም። ደንባችንን ታውቃለህ፤ ሞካሪው ሲጫወት ከኋላው ተቀምጠን አፋችንን እንዘጋለን፣ ቢጠፋበትም አንረዳውም። ድምፅ ሠሪ ሳለሁ ይህ ደንብ ቀላል ነበር። ዶት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቀዘፉ። ለሁሉም ዕቃውን አደረሱ፤ ሲያደርሱም «እንኳን ደህና ቆየህ የኔ ፍቅር» ይላሉ፣ ለሥዕሉ። ማዶ ደረሱ። በሩ ላይ ቆሙ።

«ውስጥ ሰው አለ» አሉ። «ማንቆርቆሪያ ጥዷል። ሰማሁት እኮ።»

የእኔ ድምፅ ነው። የእኛ ማንቆርቆሪያ፣ እየጨመረ የሚመጣው ፉጨቱ፣ ከዚያ ወለል ላይ የሚጎተት ነጠላ ጫማ። አንተ የምታውቀው ሰው ውስጥ አለ ብዬ ነበር የጣድኩት።

አንኳኩ። ቤቱን ዞሩ። የአበባ ማሰሮ እየገለበጡ ቁልፍ ፈለጉ። ወደ ጀልባዋ ተመልሰው የቀረ ዕቃ ይኖር እንደሆነ አዩ። ፓዩ ሳሕኑ ላይ በረደ። እኔ ከኋላቸው እጄን ጉልበቴ መሐል ይዤ ተቀምጫለሁ። አለቃ ማለት ይህ ነው? በሩ እንደማይከፈት የምታውቂ ሆነሽ ዝም ማለት?

በመጨረሻ ዞረው አዩኝ። «ምን አጥፍቼ ነው የኔ ልጅ? መንገድ ላይ ሳልረዳው ያለፍኩት ሰው አለ መሰለኝ።»

ቪሊያሚ ጫማውን ያይ ነበር።

«ምንም አላጠፉም ዶት» አልኩ። ደንቡን አፈረስኩ።

«እንግዲያው ለምንድነው የማይከፍቱልኝ?»

ይህን ጥያቄ ልልክልህ ነበር የተነሣሁት። ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ አንድ መስመር ጻፍልን፣ አንድ ቃልም ቢሆን፣ እኛ እንሠራዋለን ልልህ። ደብዳቤውን ሐሙስ ብጽፈው ኖሮ እንደዚያ ይል ነበር።

እሑድ ሮሪ ደወለ። «እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪው» አለኝ። ይኸው ነገርኩህ። ኦይስተር ስትለዩ ስለ በሩ ጠይቆህ፣ አንተ ቀና ሳትል «ከጀርባው ምንም የለም። ኖሮም አያውቅ። አንዳቸው ያገኘዋል ብዬ ነበር» አልከው።

ስልኩን እንደያዝኩ ማድቤት ቆምኩ። ንዴት ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። አንተ እራት እየበላን በመሐል ስትጠፋብኝ፣ የት ሄደህ ነው ስልህ «የትም» ስትለኝ። እውነትህን ነበር። የትም አልሄድክም፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመህ ነበር። እኔ ከውስጥ ማንቆርቆሪያ እያፏጨሁብህ።

ትናንት ለሁለቱ ልነግራቸው ወሰንኩ። ደረጃውን ስወጣ ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር። ቪሊያሚ እናቱ የጋገሩትን የኮኮናት ኬክ ይዞ መጥቷል፤ ብሮንዊን ትልቅ ባዶ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች።

«በይ አለቅዬ» አለች። «ቀኑ አጥሯል። ከበሩ ጀርባ ምን ልሳል?»

ሁለቱም ጠበቁኝ። ቪሊያሚ ማኘክ አቆመ።

«እሱን ለእኔ ተዉት» አልኩ።

በአንተ ቃል፣ በአንተ አነጋገር፣ መስኮቱን እያየሁ። ብሮንዊን ወረቀቱን ጠቀለለች። ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ። ቪሊያሚም ኬኩን መብላት ቀጠለ። ከሁሉም ያስፈራኝ ያ እፎይታቸው ነው። አንተ ስንት ጊዜ አይተኸው ይሆን? እያየኸው ቤት ትመጣ ነበር፣ እኔም «ሥራ እንዴት ዋለ?» እልህ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩ። በሩን መልሳ ሮዝ እንድትቀባው።

«ያን ሁሉ ለፍቼ?» አለች ብሮንዊን። «ካሮል ካየችስ?»

«ትየው።»

ቀባችው። መልስ አይደለም። ኦገስት ሲገባ ካሮል ትመጣለች፤ በእጄ ያለው የሚጮህ በር ብቻ ነው። ምን እንደምላት አላውቅም። ከአሁን በኋላ አንተንም አልጠይቅህም። ከጀርባው ያለውን ላክልኝ ልልህ አልጻፍኩም።

ባሕሩ ይርጋልህ። ቢላዋው እጅህን አይንካው። ሮሪ የሚያበስለው ነገር ሆድህን አይጉዳው፤ አጥንትህ ይሙቅ። ቪሊያሚና ብሮንዊን ሰላም ብለውሃል። አላሉም፤ እንደምጽፍልህ አያውቁም፤ ቢያውቁ ግን ይሉ ነበር።

ደግሞ የማድቤቱ የኋላ በር በክረምቱ እርጥበት አብጧል። ድንገት ብትመጣ የተቆለፈ ይመስልሃል። አልተቆለፈም። እጀታውን ትንሽ ወደ ላይ አንሣውና በትከሻህ ግፋው።

ሜሪን