የእናቴን የዓይን ጠብታ ገንዘብ ፍለጋው ስለበላው

ለተከበሩ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ጤናና ዕረፍት አብዝቶ ይስጥልኝ እላለሁ። እኔ በጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋ ደንበኛዎ ነኝ። የምጽፍልዎትም ልወቅስዎት አይደለም፤ የእኔ ቢጤ ትልቅ ሰው ሊወቅስ ማን ፈቀደለት? ለማመስገን ነው እንጂ።

፩ኛ፦ የእናቴ የዓይን ጠብታ ከሰፈራችን መድኃኒት ቤቶች ጠፍቶ መላው ሲጠፋኝ፣ ስልኬ ላይ ያለው ረዳት ፕሮግራም እንደሚያፈላልግልኝ፣ ጥቃቅኑንም ክፍያ እኔን ሳያስቸግር ራሱ እንደሚፈጽም ያስተማረኝ መሥሪያ ቤትዎ ነውና አመሰግናለሁ። እኔም አምኜ የመድኃኒቱ ገንዘብ ያለበትን ሂሳብ ከፈትኩለትና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

፪ኛ፦ ረዳቱ ሰነፍ አልነበረም። የየመድኃኒት ቤቱን የዕቃ ዝርዝር ለማየት ከፈለ፤ ዋጋ ለመጠየቅ ከፈለ፤ «የለም» የሚለውን መልስ ለመስማትም ከፈለ። እኔ የተማሪ ደንብ ልብስ ስዘመዝም እሱ ከመሰሎቹ ፕሮግራሞች ጋር ሳንቲም ሲቀባበል ዋለ። አመሻሹ ላይ «ተገኝቷል» ሲለኝ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ከሥሩ ግን «ቀሪ ሂሳብዎ አይበቃም» ይላል። ጠብታ ፍለጋ ወጥቶ ገንዘቡን ጠብ ጠብ አድርጎ ጨርሶታል።

፫ኛ፦ በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ቢሮዎ መጣሁ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛዎ፣ ትሕትናዋ ይባረክና፣ እያንዳንዱ ክፍያ አቤቱታ ከሚቀርብበት መጠን በታች መሆኑን በትዕግሥት አስረዳችኝ። ድምሩን እንድታይልኝ ብለምናት፣ «ጋሼ፣ ሲስተሙ አንድ በአንድ እንጂ ድምሩን አያይም» አለችኝ። ለእርስዎ የጻፍኩትን ማመልከቻ ግን ተቀብላኛለች። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ አበድሮኝ ጠብታው እስኪገዛ ድረስ እናቴ ያለ መድኃኒት ሰነበተች። ሐኪሙ የግራ ዓይኗ ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውን እንድንጠብቅ ነገረን። ድሮ ሱቄ በር ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክልልኝ ነበር። ዛሬም እምቢ ብላ ትተክላለች፤ ትናንት መርፌው ጣቷን ሲወጋት አየሁ። ደሙን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ እኔም ያላየሁ መስዬ ማሽኑን ረገጥኩ። ይህን በተራ ቁጥር አላስገባሁትም፤ ከአቤቱታ መጠን በታች ይሁን በላይ አላወቅሁምና።

በጥቃቅን ነገር የማይረበሸውን ክቡር ልብዎን ፈጣሪ እንዳለ ያቆይልን እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሳይጠየቅ የሚከፍለው ታማኝ ደንበኛዎ፣
ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። የሚቀበለው ሰው ነው ወይስ ያው ፕሮግራም ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ነው አልኳት። እሷም፣ «ሰው ከሆነማ፣ ልጄ፣ እስካሁን ምን ዝም አሰኘው?» አለችኝ።