ከኮሌታ በታች ለወረደ ፀጉር የተዘጋ በር

ለክቡር ሻለቃ ኦስበርት ፕሪንግል
የፌርንሊ ኮረብታ መካነ መቃብር አስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢ
ሰሜን ለንደን

ኖቬምበር 9 ቀን 1971

ጉዳዩ፦ በበሩ ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የእርስዎና የተከበሩት ባለቤትዎ ጤንነት፣ እንዲሁም ባለፈው ብርድ ሲያስቸግርዎ የነበረው ጉልበትዎ እንደምን እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ከመካነ መቃብሩ በር ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው ፀጉር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ወንዶች ስከረክም የኖርኩት ሲሪል ባንተን፣ እጄ አልፎ አልፎ ከመንቀጥቀጡ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የክቡርነትዎን ማጅራት በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳጸዳ ስለኖርኩ፣ ከአንገትዎ በላይ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ከማንም ይበልጥ አውቃለሁ ብል እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ቦርዱ ባለፈው ወር በበሩ ላይ የሰቀለው ማስታወቂያ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ፀጉሩ ከኮሌታው በታች የወረደ ወንድ፣ ለሐዘን ስፍራ የማይገባ ልብስ የለበሰ ማንኛውም ሰው፣ እንዲሁም ሻማ፣ ቃጭል፣ የጥንቆላ ካርታ ወይም የሙዚቃ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ወደዚህ የተከበረ ስፍራ አይገባም።» በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ፣ ከሩቅ የሚነበብ፣ ያማረ ጽሑፍ ነው። ማን እንደጻፈው መጠየቅ አያስፈልገኝም፣ ምክንያቱም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሴፕቴምበር በላክሁላችሁ የመጀመሪያ አቤቱታ ላይ፣ በገዛ እጄ፣ በማእድ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ የጻፍኳቸው ቃላት ናቸው፤ ቦርዱ አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልነካባቸውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔው ግን አፋፍ ላይ መውጣት ብቻ ሳይሆን ሰሌዳ ላይም ተሰቀለ።

ጉዳዩን ለማያውቁ፣ ግልባጩ ለሚደርሰው ለሰፈራችን ጋዜጣ አንባቢዎች ስል ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ልጄ ኦድሪ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ልቧ ደካማ ነበር። ሐኪሞቹ ቀስ ብላ እንድትኖር መከሯት፤ እሷ ግን ጊዜ የሌለው ሰው ቀስ አይልም ብላ በተቃራኒው ኖረች። ከአሮጌ የከፋይ መጋረጃ ወይን ጠጅ ኮት እየሰፋች በገበያ ትሸጥ ነበር፤ ከጓደኞቿ ጋር ኮከብ ታስቆጥር ነበር፤ ክሪስፒን የሚባል፣ ፀጉሩ ወገቡ ላይ የሚደርስ፣ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ ወደደች። በ1968 የፊልም ሰዎች በእናንተው ፈቃድ መካነ መቃብሩ ውስጥ አንድ የሚያስፈራ ፊልም ሲሠሩ፣ ከመቃብር የምትነሣ ሙት ሙሽራ ሆና ሁለት ደቂቃ ታየች። እኔ «አዋረድሽኝ» ብዬ ፊልሙን ለማየት እምቢ አልኩ። በፌብሩዋሪ 1970፣ ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ፊልሙ ላይ ከተነሣችበት ስፍራ ሰባ እርምጃ ራቅ ብሎ፣ በሕይወቷ ሳለች የምትጠላውን ግራጫ የእሑድ ቀሚስ አልብሼ ቀበርኳት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለውን አባባል ሰው ሲለው ሰምቼ አውቅ ነበር እንጂ እንደዚህ አልገባኝም ነበር።

በዚያው ዓመት በጋ ፊልሙን ያዩ ወጣቶች እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መቃብሯ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ደንበኞቼ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ነገሩኝ፦ ሻማ ያበራሉ፣ ቃጭል ይመታሉ፣ ሙት ሙሽራዪቱ እንድትነሣ ይጠብቃሉ። ደሜ ፈላ። ያኔ ራስ ሳይጠና ጉተና የሚያበቅል ትውልድ ሁሉ ጠላቴ ነበር፤ ወንበሬን ባዶ ያስቀሩት እነሱ ናቸው፣ ልጄንም የወሰዱብኝ እነሱ ናቸው ብዬ አምን ነበር። ፀጉር አስተካካይ ስለሆንኩም ክፉን ከደግ የምለየው በፀጉር ሆነና፣ መለኪያዬን ኮሌታ ላይ አድርጌ ጻፍኩላችሁ።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ስድስት ደብዳቤ ጽፌ፣ አሥራ ሦስት ወር ጠብቄ፣ አቤቱታዬን ከተውኩት ከአምስት ወር በኋላ መልስ ሰጣችሁኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም፤ እኔ ግን ከነጭራሹ አለመጮህም ነበረ እያልኩ እከራከርላችኋለሁ።

2ኛ. በር ጠባቂያችሁን ሚስተር ታጅዌልን አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም በዕድሜዬ ከሰማሁት እውነት ሁሉ ትልቁን የነገረኝ እሱ ነው። ባለፈው ሜይ ወር፣ መልሳችሁን መጠበቅ ቢሰለቸኝ፣ ወጣቶቹን ራሴ ላባርር ምርኩዜን ይዤ መጣሁና መቃብሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅሁት። «የሙት ሙሽራዪቱን ነው? እንደ ሰዉ ሁሉ በግራ ይያዙ» አለኝ። «አባቷ እንኳ አንድ ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም፤ ለነዚህ ወፈፌዎች ጥሏት ቀረ።» ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። ከቀብሯ ቀን ጀምሮ ለአሥራ አምስት ወር አንዴም አልመጣሁም ነበር፤ መንገዱ እንኳ ጠፍቶብኛል። ስለ መቃብሯ ክብር ስድስት ደብዳቤ የጻፈ ሰው መቃብሯን አያውቀውም ነበር ማለት ነው። ሥራ አላስመጣ አለኝ እንዳልል፣ እሑድ ፀጉር ቤቴ ዝግ ነው።

በግራ ይዤ ሄድኩ። ወጣቶቹ ሰባት ወይም ስምንት ይሆናሉ። አንዲት ልጅ በጥርስ ብሩሽ ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ሽበት ታራግፋለች፤ ሌላዋ፣ ፕሩደንስ የምትባለው፣ ሻሿን ሣሩ ላይ ዘርግታ ካርታ ትደረድራለች። ክሪስፒን አወቀኝና፣ ልመታው እንደመጣሁ ገምቶ ነው መሰለኝ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። እኔም «ምንድነው የምትጠብቁት? አትነሣም! ሞታለች!» ብዬ ጮኽኩ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጁ በዝግታ «እናውቃለን እኮ ሚስተር ባንተን» አለኝ። «ትነሣለች ብለን አይደለም። ብቻዋን መሆን አትወድም ነበር፤ ለዚያ ነው።» ፕሩደንስ ግን ከካርታዋ ቀና ብላ «እሰይ! ተመስገን!» አለች። «ይህ ቀጣፊ ካርታ በየሳምንቱ አባቷ ይመጣል፣ አባቷ ይመጣል እያለ መሳቂያ አድርጎኝ ከረመ።» ሁሉም ሳቁባት። እኔ እርጥቡ ሣር ላይ ከነእሑድ ሱሪዬ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ኦክቶበር ድረስ አንድም እሑድ አልቀረሁም፤ ሻይ በፔርሙስ ይዤ እመጣ ነበር። ዘፈናቸውን ዛሬም አልወደውም፣ የሚሉትም አይገባኝም፤ በመካከል ግን ስሟን ይጠራሉ።

3ኛ. ስለ ፊልሙ አመሰግናለሁ። ያኔ የፊልም ሰዎች የውሸት ጭጋግ የሚተፋ መኪናቸውን፣ የወረቀት መቃብራቸውንና ፀጉራቸው ከኮሌታም ከቀበቶም በታች የወረደ ተዋንያናቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ክቡርነትዎ በሩ ላይ ቆመው እንደተቀበሏቸውና ፎቶግራፍም አብረዋቸው እንደተነሡ ይህ ጋዜጣ ዘግቦ ነበር። የውሸት ሙታንን ሊያስነሡ ለመጡት የተከፈተው በር፣ ለእውነተኛዋ ሊያለቅሱ ለመጡት መዘጋቱ ከፍ ያለ የአስተዳደር ጥበብ እንዳለበት አልጠራጠርም፤ እኔ ተራ ባለ መቀስ ነኝና አልደረስኩበትም።

ስለዚያ ፊልም የምናዘዘው ነገርም አለኝ። ባለፈው ጁላይና ኦገስት ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ትንሽ ሲኒማ ቤት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ያሳየው ነበር፤ ረቡዕ ደግሞ ሱቆች ሁሉ ግማሽ ቀን የሚዘጉበት ነው። ልጄ እንድትነሣ ይጠብቃሉ ብዬ ወጣቶቹን የከሰስኩ እኔ፣ ሰባት ረቡዕ ትኬት ቆርጬ ልጄ ስትነሣ አየሁ። አፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እጇ ይወጣል፤ ዓይነ ርግቧን ትገልጣለች፤ ፀጉሯ ውስጥ አንዲት ቅጠል አለች። ቀጥታ ወደ እኔ ታያለች። ሰዉ ሁሉ በፍርሃት ሲጮህ እኔ ብቻ «ቀስ በይ፣ ልብሽን» እላለሁ። ሁለት ደቂቃዋ ስታልቅ ተነሥቼ ስለምወጣ የፊልሙን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

4ኛ. ስለ ጽናታችሁ አመሰግናለሁ። ሜይ ውስጥ በጻፍኩት በሰባተኛው ደብዳቤ አቤቱታዬን መተዌን፣ ወጣቶቹም እንዳይነኩ በአባትነቴ መለመኔን ያስታውሳሉ። ጸሐፊዎ ከማስታወቂያው ጋር በላኩልኝ ሁለት መስመር «የአቤቱታ አቅራቢው አሳብ መለወጥ የቦርዱን ውሳኔ አይለውጥም» ብለው አስረዱኝ። ስጠላቸው አምናችሁኝ ስወዳቸው ተጠራጠራችሁኝ።

5ኛ. ስለ ማስመሪያው አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው በተሰቀለ በመጀመሪያው እሑድ ሚስተር ታጅዌል የተማሪ ማስመሪያ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ማጅራት ሲለካ ዋለ። «እናንት ቆነጃጅት፣ ጉንጉናችሁን ቆርጣችሁ ተመለሱ!» ይላቸዋል ወንዶቹን። ሴቶቹን በልብሳቸው፣ ወንዶቹን በፀጉራቸው መለሳቸው። እኔን ቆቡን አንሥቶ አሳለፈኝ። ገብቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ሻዩን አልቀዳሁትም።

አሁን ቁጥር ልሰጠው ያልቻልኩትን ልንገርዎና ላብቃ። ባለፈው ዓርብ ቀትር ላይ ክሪስፒን ፀጉር ቤቴ መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደጄ ባለፈ ቁጥር «ቁረጠው!» ስል የጮኽኩበት ልጅ በገዛ እግሩ ገብቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና «ሚስተር ባንተን፣ ይቁረጡት። እሑድ ልግባ» አለኝ። ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። አበጠርኩለት። መቀሱን አነሣሁ።

ኦድሪ በመጨረሻው ሳምንቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ጣቶቿ ሥራ መፍታት አልቻሉም ነበርና፣ ይህ ልጅ ጭንቅላቱን አልጋዋ ጫፍ ላይ አስደግፎ ፀጉሩን ይሰጣታል፤ ትጎነጉነዋለች፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትጎነጉነዋለች። ይህን በዓይኔ አይቼ ተቆጥቼ ከክፍሉ ወጥቻለሁ። ሌላ ጊዜ አላገኘሁም፤ በማግስቱ ስመጣ አልጋው ተነጥፎ ነበር። እንግዲህ መቀሴ ሊቆርጠው የተዘጋጀው እሷ በመጨረሻ የነካችውን ነገር ነው። እጄ እምቢ አለኝ። ልጁ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ «ግድ የለም፣ ያድጋል» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «አይ ልጄ፣ ይህ አያድግም» አልኩት። ጨርቁን ፈታሁለት። እንደመጣ ሄደ፤ እሑድም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ዋሽንቱን ነፋ። ከውስጥ ሆኖ በደንብ አይሰማም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያቺን ሰሌዳ ያውርዱልኝ። ቃላቱ የእኔ ናቸውና ባለቤታቸው እንዲመለሱለት ይጠይቃል።

ለረጅም ዘመን ያስተዳድሩን ዘንድ፣ ጉልበትዎ እንዲጠና፣ ማጅራትዎም ሁልጊዜ ንጹሕ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ በማስመሪያ ተለክቶ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

ሲሪል ባንተን
ፀጉር አስተካካይ፣ የኦድሪ አባት

ግልባጭ፦ ለሰፈራችን ሳምንታዊ ጋዜጣ፤ ለሚስተር ታጅዌል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሜይ ወር ወዲህ የራሴን ፀጉር አልተቆረጥኩም። አናቴ መላጣ ቢሆንም ከጆሮዬ በታች የቀረው ትናንት በመስታወት ብለካው ከኮሌታዬ ሁለት ጣት ወርዷል። በሚመጣው እሑድ በስምንተኛው ሰዓት ቆቤን አውልቄ፣ ከክሪስፒን ጎን ተሰልፌ፣ በሩ ላይ እቆማለሁ። ደንብ ደንብ ነውና ሚስተር ታጅዌል ከመለሰኝ አልቀየመውም፤ አንድ ውለታ ብቻ ይዋልልኝ። በሩን ቆልፎ ሲያበቃ በግራ ይያዝና፣ አባቷ እስከ በሩ ድረስ መጥቶ እንደነበር ይንገራት።