ጋቢዎን ያጠብኩበት ማለስለሻ

ይድረስ ደሴ ላሉት ለውድ አባቴ ለአቶ ብርሃነመስቀል

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ደረትዎ እንዴት ሆነልዎ፣ ሳሉ ለቀቀዎት? የታከመው ዓይንዎስ? ያልታከመውንስ ብጠይቅ ይቆጡኝ ይሆን? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሩፋኤል ከአየር መንገዱ ሥራ ወጣ ገባ እያለ ነው፤ ልጃችን ያቤዝም እርስዎ እዚህ ሳሉ በተኙበት አልጋ ላይ ካልተኛሁ ብሎ አስቸግሮናል።

ይህን በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ነገሩ ወደዚያ ሲያዘነብል ግን እርስዎ "ዝናብ ጣለ ወይ?" ይሉኛል። ካይሮ ምን ዝናብ አለ! ስለዚህ ጻፍኩት፤ እህቴ ፀደንያ ታነብልዎታለች። ፀዲዬ፣ እየዘለልሽ እንዳታነቢ፣ አውቅሻለሁ።

ዓይንዎን ሊታከሙ ሲመጡ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የቀኙ በሰላም ተሠራ፣ ለግራው ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ሰጠን። እርስዎ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ "አገሬ ናፈቀኝ" ብለው ተነሡ። ቤቴ ያልተመችዎ፣ ልጄም የሰለቸዎት መስሎኝ በጣም ከፋኝ። ባለፈው ሳምንት ነው ፀደንያ ምስጢሩን ያወጣችው። "የጋቢው ሽታ አፍኗቸው ነው የመጡት፤ ለእሷ እንዳትነግሪያት ብለውኛል" አለችኝ።

እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የፈተለችውን ጋቢ ትተው በሌላ ብርድ ልብስ እንደማይተኙ አውቃለሁ። ታዲያ ላከብርዎ ብዬ ነው ሽቶ ባለው የልብስ ማለስለሻ ያጠብኩት። የካይሮ ውሃ ልብስ ያሻክራል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በመጨረሻው ውሃ ላይ ማለስለሻ ይጨምራል፣ ሽታው ደረጃው ድረስ ያውዳል። እኔማ ለእርስዎ ሲሆን ክዳኑን ሞልቼ ደገምኩ። ብርድ እንዳይመታዎትም መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ማሳል ሲጀምሩ ደግሞ አቧራ ነው ብዬ ጋቢውን እንደገና አጠብኩት፣ በዚያው ማለስለሻ! አባባ፣ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት? በገዛ ልጅዎ ቤት ይሉኝታ ምን ያደርግልዎታል?

ለጎረቤቴ ለኡም ሐሰን ባወራት "ማሌሽ"፣ ግድ የለም ብላ አጽናናችኝ። ማለስለሻው ክሩን እንደ ቅባት ይሸፍነዋል አለችኝ። ለካ ፎጣዎቼ ውሃ አልጠጣ ያሉት በዚህ ነው። እሷ በመጨረሻው ውሃ ላይ ትንሽ ነጭ ኮምጣጤ ነው የምትጨምረው፤ ሽታው ልብሱ ሲደርቅ ይጠፋል። ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም እንዳይገናኝ፣ ትንፋሽ ያሳጣል ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሞከርኩት። እንደ ማለስለሻው አያለሰልስም፣ ምን አስዋሸኝ፤ ፎጣዎቼ ግን ውሃ መጠጣት ጀምረዋል። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ሳሙናውን ቀንሶ ደህና አድርጎ ማለቅለቅና ሲያሰጡ አጥብቆ ማራገፍ ነው። እማዬ እንዲህ ስታደርግ እያየሁ አድጌ፣ እኔ በጠርሙስ ተታለልኩ። የቀረውን ደፋሁት። ፀዲዬ፣ ጋቢውን በሳሙና ብቻ ደጋግመሽ እጠቢውና ንፋስ እንዲያገኘው አድርጊ።

ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ። የግራው ዓይን ብዙ መቆየት የለበትም፣ ቶሎ ይምጡ ብሏል። ሩፋኤልም የጉዞውን ነገር ለእኔ ተዉት ይላል። እባክዎ እምቢ አይበሉኝ።

ለፀደንያ ባል ለኢሳይያስ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የተሰበረውን ወንበርዎን ጠግኖ እንደሆነ ጠይቁልኝ። ትንሿ ልጃቸውን ዮዲትን ጉንጯን ሳሙልኝ። ለእትዬ ብርቅነሽ ጉልበታቸውን ይማርላቸው በሉልኝ።

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል አንድ ነገር አላስችል አለኝ። ኤርፖርት የሸኘሁዎት ዕለት ፍተሻውን አልፈው ዞር አሉና እጅዎን አውለበለቡ። የተሠራው ዓይንዎ ገና አልጠራም ነበር። ያውለበለቡት ለእኔ አልነበረም፤ ራቅ ብላ ለቆመች፣ እንደ እኔ ነጭ ሻርፕ ላደረገች ሴት ነበር። ሴትየዋ ግራ ቢገባትም መልሳ አውለበለበችልዎ፣ እርስዎም ፈገግ ብለው ሄዱ። እኔ ቅርብ ነበርኩ። አኩርፌ ስለነበር "አባባ፣ እዚህ ነኝ" ብዬ አልተጣራሁም።

ልጅዎ ትብለጥ
ኒው ካይሮ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.