የደባሱ ሦስተኛ ድንጋይ

ኅዳር 5 ቀን 2002
ቅዳሜ። ገበያው ደህና ነበር። ወንድሜ ደባሱ ከሙጃ ነጭ ማር ይዞ ገባ፤ የረጋ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። ከላይ ከላዩን ቀምሼ አለፍኩት። ሰኞ ወደ ወልድያ ይጭነዋል።
ከሰዓት የቀበሌ ስብሰባ ጠሩን። ምርጫው ሊደርስ ነው መሰለኝ... አልሄድኩም።

ኅዳር 11
አባስ ከወልድያ ደወለ። ማሬን እዚያ የሚያከፋፍልልኝ እሱ ነው። ሰላምታም አላስረዘመም። "ጥሩነሽ፣ ወላሂ ባላውቅሽ ሌባ እልሽ ነበር። ጣሳው ስር ስኳር ተኝቷል። ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ነው።"
ስኳር። እንደገና።
ደባሱን ያዝኩት። "ትንሽ ነው'ኮ እትዬ፤ ሁሉም ያደርገዋል።" ሁሉም ማን ነው? የአባታችን ሱቅ የሁለታችን፣ ቁልፉም በሁለታችን እጅ። ሲበላሽ የሚጠራው ግን የእኔ ስም ነው።

ኅዳር 12
አልጮኽኩም። ብጮኽ ጥፋቱ ወደ እኔ ይዞራል።
ካቻምና እንደዚሁ ስኳር ቀላቀለ። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። በግ አሳረድኩ፤ ይቅር አልኩ። አምናም ቀላቀለ። ድንጋይ፣ ሽማግሌ፣ በግ። የበደለው እሱ፣ የማሳርደው እኔ።
በማግስቱ ደግሞ ወደዚያው ሱቅ... እኔስ ምን ነክቶኝ ነው? ይቅርታ ማለት ማሩን መልሶ እጁ ላይ ማስቀመጥ ነው ያለኝ ማን ነው?

ኅዳር 19
ሙጃ ወጣሁ። ጋሽ አረጋ ዘንድ፤ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ማር የምንገዛቸው ሰው ናቸው። "ከእንግዲህ ማሩን ለእኔ በእጄ ስጡኝ" አልኳቸው። "ደባሱ በስሜ ቢመጣ አትስጡት።"
ሳቁ። "ይኸን ለመናገር ነው ያን ሁሉ ዳገት የወጣሽው? እኛማ የስኳሩን ወሬ ሰምተን አምና ነበር የጠበቅንሽ።"
"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"
"ይቅር አልሽው፤ መልሰሽም ላክሽው። ተስማምታችሁ የምትሠሩት መስሎን።"
ተስማምታችሁ... መንገዱን ሙሉ ይቺ ቃል አቃጠለችኝ።

ኅዳር 24
ላይኛው ገበያ አንድ ክፍል ቤት ተከራየሁ። ጣሪያዋ አያፈስም። ለአባስ ብቻ ነገርኩት፤ የተበላሸውን ማር ዋጋ እመልሳለሁ፣ ቀጣዩ ከሌላ ቤት ይወጣል አልኩ። "አልሐምዱሊላህ" አለ።

ታኅሣሥ 3
መጡ። የነፍስ አባቴ አባ ተክለ ሚካኤል ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር። ደባሱ ደጃፍ ላይ፣ ድንጋዩ አንገቱ ላይ። ከአምናው ያነሰ ድንጋይ ነው። ይቅርታውስ አብሮት ይቀንሳል?
ጾም ስለሆነ በጉ ተርፏል።
"ልጄ፣ ስለ እመቤታችን" አሉ አባ።
"ይቅር ብየዋለሁ፣ አባ። ድንጋዩን ያውርዱለት።"
ደባሱ ጉልበቴን ሳመ። ተመረቅን። ከዚያ ቁልፌን አውጥቼ ሰጠሁት። "ሱቁን አንተ ሥራበት። እኔ ላይኛው ገበያ ቤት ይዣለሁ። ማርህን በስምህ ሽጥ።"
"ይኸማ ቂም ነው" አለ አንዱ ሽማግሌ። ስታገሥ ሞኝ፣ ስለይ ቂመኛ...
አባ አዩኝ። "አብሮ መነገድ ይቅርታው ውስጥ የለም ነው የምትይኝ?"
"የለም፣ አባ።"
ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው "በሉ፣ ሽሮው ይምጣ" አሉ።

ታኅሣሥ 20
የገና መንገደኛ ከተማውን ሞልቶታል። ደባሱ ሰላምታ ነፈገኝ። እኔ ሰጠሁት።

ጥር 1
ጋሽ አረጋ ማሩን በራሳቸው አህያ አመጡ። እያንዳንዱን ጣሳ እስከ ስሩ አየሁ። አባስም ጨምሪ ብሏል።
ወደ ማታ ውባንቺ መጣች፣ የደባሱ ሚስት። በወሩ መጨረሻ ትልቋን ልጃቸውን ይድራሉ። ለጠጅ የሚሆን ማር ፈልጋለች።
"ቤትሽ ማር ሞልቶ?" አልኳት።
መሬት መሬት አየች። "እሱ ራሱ ነው የላከኝ። እንግዳ ነው የሚጠጣው፣ ከእሷ ዘንድ አምጪ አለኝ።"
ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሦስቱንም ዓመት፣ የቱ ማር ለሰው እንደሚቀርብ አሳምሮ ያውቅ ነበር።
እንደ ማንኛውም ደንበኛ በዋጋው ሸጥኩላት። ለሰርጉ እሄዳለሁ፤ አክስት ነኝ። ጠጁንም እጠጣለሁ።