ጠፍቶ የሚያበራው አምፖል

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፦

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ለቀቀህ ወይ? ያ የጻፍክልኝ ሳልስ? እኔም ልጄም እማዬም ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፤ ተመስገን።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ እማዬ መኝታ ቤት አምፖል ነው። አትሳቅ። የድሮው ተቃጥሎ ኤልኢዲ ከገዛን ወዲህ፣ አጥፍተነውም ጭል ጭል ይል ጀመር። እማዬ “ነፍሱን ይማረውና አባታችሁ ነው፣ እየጠበቀኝ ነው፤ ተዪው” አለች። ባለሱቁ ሁለቴ ለወጠልኝ፤ ሦስተኛውም ያው። የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ “ጠፍቶ ካበራልሽ ምን ከፋሽ? ምርቃት ነው” ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የለኝም። ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ያስቀረሁት የመብራት መጽሐፍ ቅዳጅ አለኝ። ማጥፊያው መቁረጥ ያለበት ፌዙን፣ ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ ነው፤ ኒውትራሉን፣ የሚመልሰውን ሽቦ ከቆረጠ ግን መብራቱ ቢጠፋም ኮረንቲው አምፖሉ ድረስ መጥቶ ይቆማል ይላል። ቅዳጁ እዚያ ላይ አለቀ። ማጥፊያውን አጥፍቼ፣ አምፖሉን ፈትቼ፣ መያዣውን ኮረንቲ ሲያገኝ በሚበራው ቴስተር ነካሁት። ቴስተሩ ቦግ አለ።

ወንድም ጋሼ፣ የዚህን ቤት መብራት ከዘረጋኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ያን ሁሉ ዘመን ኮረንቲው ከእማዬ ራስ በላይ ድምፁን አጥፍቶ ቆሞ ነበር። የድሮው አምፖል ከቆመው ኮረንቲ የምታመልጠውን ሽራፊ ከቁም ነገር አይቆጥራትም፤ ይቺ አዲሲቱ ግን በጠብታ ትበራለች፤ እሷ ናት ያሳበቀችው። እማዬ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መብራቱን አጥፍታ፣ አምፖሉን ፈትታ፣ መያዣውን ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። እስከዛሬ ያተረፋት የምትቆምበት ደረቁ የእንጨት በርጩማ ይመስለኛል። እሱም ተሰብሮ በዚያው ሳምንት የብረት ወንበር ገዝተን ነበር። እኔ የሞከርኩት ዓርብ ነው። እስካሁን ሳስበው ጸጉሬ ይቆማል።

ከቆጣሪው አጥፍቼ ሽቦዎቹ የሚገናኙበትን ሳጥን ፈታሁት። ሁለቱም ሽቦ ጥቁር ነው፤ ያኔ ከአንድ የተቃጠለ ማሽን ያወጣኸው። በምን ትለየው? ማንም ይሳሳታል። አዛውሬ አሰርኩና ደግሜ በቴስተር ሞከርኩት። አሁን ሲያጠፉት ድርግም ይላል። እማዬ ጨለማው ውስጥ “ሄደ?” አለችኝ። “ነግሮን ጨረሰ” አልኳት። ከዚያ፣ ታዝናለህ ብላ፣ ለአንተ እንዳልጽፍ ለመነችኝ። እኔ ግን እሺ አላልኳትም።

ልወቅስህ አይደለም። በዚያው ሽቦ የሌላም ሰው ቤት ሠርተሃል። የአክስታችንን ትናንት ሄጄ አየሁት፤ ያው ነበር፤ አስተካከልኩት። የሥራ ቦታችሁ ስልክ ቢገባበት ደውዬ በጠየቅኩህ። የቀሩት የማን የማን ቤቶች እንደሆኑ አስታውስና፣ ይህን ላመጣልህ ሾፌር እዚያው ጽፈህ ስጥልኝ። ቴስተሬን ይዤ እዞራለሁ። በየቤቱ እርጥብ ጨርቅ የያዘች እናት አለች።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። ልጄ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትነዘንዘኛለች። አክስታችን “እኔ አልተቀየምኩትም በይው” ብላሃለች። አብረውህ ለሚያድሩት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ታናሽ እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ሰኔ 11 ቀን