ጩኸቷን አስቀርታችሁ ንግግሯን ለወሰዳችሁ

ኦክቶበር 14 ቀን 2019፣ ቡርባንክ፣ ካሊፎርኒያ
ዕድሜዬ ዛሬ ሰማንያ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር

ለክቡር አቶ ብራድሊ ሃቨርስትሮም
የላርክስፐር ቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም ያልተቋረጠ ይሁን እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። እኔ ሌላንድ ክራንዶል የተባልኩ ጡረተኛ ደራሲ ነኝ። ከሥዕል መጽሔት ወጥታ በየቅዳሜው ጠዋት በቴሌቪዥን ከተማዋን ታድን ለነበረችው ጀግና፣ ለ«መዳብ ጭልፊት»፣ ንግግሯን የጻፍኩላት እኔ ነበርኩ፤ በድምፅዋ ሕይወት የሰጠቻት ደግሞ ባለቤቴ ሎሬታ። ሎሬታ ባለፈው ፌብሩዋሪ ዐርፋለች።

ተከታታይ ፊልሙን አድሳችሁ ለዛሬ ልጆች በማቅረባችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ባለፈው ቅዳሜ ድምፅዋን ልሰማ ጓጉቼ፣ የቁርስ ሲሪያሌን በወተት አርሼ፣ እንደ ልጅ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ቅሬታዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ የመዳብ ጭልፊት አፏን ስትከፍት የወጣው የሌላ ሴት ድምፅ ነበር። የባለቤቴ ድምፅ «አርጅቷል» ተብሎ መነሣቱን በኋላ ተረዳሁ። በሠላሳ አንድ ዓመቷ የቀዳችውን ድምፅ ከመቃብር በኋላ ስላስረጃችሁላት አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን ጠላት ጀግናዋን ከፎቅ ሲወረውራት የተሰማው ጩኸት የሎሬታ ነበር። ስትመታ የምታቃስተውም እሷ፣ ውኃ ውስጥ ትንፋሽ የሚያጥራትም እሷ። እንደሚያውቁት በዚህ ሙያ የምቱና የውድቀቱ ጩኸት የሚቀዳው፣ ጉሮሮ እንዳይጎዳ፣ ንግግሩ ካለቀ በኋላ ለብቻው ነው፤ ለብቻውም ይቀመጣል። እናንተም የአዲሷን ተዋናይት ጉሮሮ ላለማድከም ከመጋዘናችሁ አወጣችሁት። ቀረጻውን ይመራ የነበረው ጉስ ፔትራኪስ ከቀረጻ ክፍሉ መስተዋት ጀርባ ሆኖ «ሎሪዬ፣ ይሄ እኮ ከሁለተኛ ፎቅ ነው! እስቲ ከሃያኛው ውደቂልኝ!» ሲላት፣ እሷም «ታዲያ ሊፍቱን አሠራልኛ! በእግሬ ልወጣ ነው?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ስትሞላው እዚያው ነበርኩ። ሳቁ ከጩኸቱ ኋላ አብሮ ተቀድቷል፤ መቀሳችሁ ግን ጩኸቱ ላይ አበቃ።

ሦስተኛ፤ ይህንኑ ላመለክት ስደውል የቢሮዎ ወጣት ሠራተኛ፣ «ጌታዬ፣ ጩኸት እኮ ጩኸት ነው፤ የማን እንደሆነ ማን ይለየዋል? ስለ ድሮው ንግግርም አያስቡ፣ በወሩ መጨረሻ ይሰረዛል» ብላ አጽናናችኝ። ስለ መልካም መስተንግዶዋ ላመሰግናት እወዳለሁ።

ሎሬታ ቤታችን ድምፅ መቅጃ አታስገባም ነበር፤ «ሥራዬን እዚህ ድረስ አታምጣብኝ» ትለኝ ነበር። የፊልሙ ካሴቶቻችንም ሻግተዋል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንደበቷ ተዘግቶ ታቃስት ነበር እንጂ አንዲት ቃል አልወጣትም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ያስቀሩልኝን ድምፅ ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ጠግቤ ሰምቼዋለሁ፤ የናፈቀኝ ሌላኛው ነው።

በትሕትና የምለምንዎ ንግግሯ ከመሰረዙ በፊት ቅጂውን እንዲሰጡኝ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን ጩኸቷንም ያንሡልኝ። በየሳምንቱ ሎሬታ ስትወድቅ እየሰማሁ፣ ተነሥታ የምትናገረው ሌላ ሴት ስትሆን የምችልበት ጉልበት የለኝም።

ከአንዲት ሴት ሕይወት የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን በአንድ መቀስ የለየው ጥበብዎ አይጉደልብን እያልኩ፣

የክቡርነትዎ የቀድሞ ጸሐፊ፣ የአሁን ተመልካች
ሌላንድ ክራንዶል

ማስታወሻ፦ አዲሷ ተዋናይት ምንም አላጠፋችም፤ እንዲያውም ጎበዝ ናት። እሷም በተራዋ ስትሞት፣ ያን ጊዜ በእርስዎ ወንበር ለሚቀመጠው ሰው እግዚአብሔር ጆሮ እንዲሰጠው እጸልይላታለሁ።

(ለራሴ ባስቀረሁት ቅጂ ላይ የጻፍኩት፦ ደብዳቤውን አሽጌ ዛሬ ከቀትር በኋላ በፖስታ ልኬአለሁ።)