ሥራ ፈት ሲባሉ የኖሩት የእታለም የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች የሚነበበው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ይህን የሚለው የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ከዋሸ የአባቱ አጥንት ይውጋው። ሰፈሩ «ቀደዳው» ብሎ ስም እንዳወጣለት ያውቃል፤ ስሙን ለዛሬ ተዉለት፣ ነገ ትመልሱለታላችሁ።

እታለም ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1966 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ በኩር ነበሩና «እታለም» የሚለው መጠሪያ ከታናናሾቻቸው አፍ ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፤ በመጨረሻ አባታቸው ሳይቀሩ እታለም ይሏቸው ጀመር። ገና ድክድክ ሲሉ የአባታቸውን ሬዲዮ ፈታትተው መልሰው ገጠሙት። አንዲት ብሎን ተረፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሬዲዮው የነገን የአየር ሁኔታ ትቶ የትናንትን መናገር ጀመረ፤ እንደ ሌሎቹ ሬዲዮዎች ግን አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ጨርሰው ኮሌጅ ገቡና ኮምፒውተር አጠኑ። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተሩ አንድ፣ ተማሪው እንደ አንበጣ ነበር። እታለም ኪቦርዱን በካርቶን ላይ ሥለው ጭናቸው ላይ አድርገው ይለማመዱ ነበር። ተራቸው ደርሶ እውነተኛው ፊት ሲቀመጡ ጣታቸው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይሰማ ነበር ይባላል፤ የክፍል ጓደኞቻቸውም መስኮት ይዘጉ ነበር።

ተመርቀው አንድ ድርጅት ተቀጠሩ። አለቃቸው ሥራውን ጨርሶ ከሚነሣ ሰው ይልቅ ወንበሩን አሙቆ የሚውል ሰው ይወድ ነበርና በ1994 ዓ.ም. ለቀው በግላቸው ሶፍትዌር መሥራት ጀመሩ። እንዲህ ያለውን ሰው የሙያው ሰዎች ፍሪላንሰር ይሉታል። ዘመድ ግን ሥራ ፈት አላቸው።

እዚህ ላይ የጸሐፊው ደም ይፈላል፤ ታገሡት። ቤት የሚውል ሰው የሁሉ ነው ተባለና የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠብቅ ሲጠፋ እታለም ተጠሩ፤ የሰው ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሲጠፋ እታለም፤ የአክስት ሶፋ ሲመጣ በር የሚከፍት ሲጠፋም እታለም። «አንቺ እንደሁ ቁጭ ብለሽ ነው» ትሏቸው ነበር፣ ዘመዶች። ቁጭ ብለው የሠሩትን ቆማችሁ ስትጠቀሙበት ኖራችኋል። ታላቁ አጎታችን በየወሩ ከስልካቸው የአውቶቡስ ትኬት ይቆርጣሉ፤ ቆርጠውም ሲያበቁ «ያቺ ልጅ መቼ ነው ሥራ የምትይዘው?» ብለው ይጠይቃሉ። ያንን ትኬት መቁረጫ የሠራችው ያቺ ልጅ ናት።

የእታለም አሠራር የማንንም አይመስልም። አንድ ፊደል ኮድ ከመጻፋቸው በፊት ሄደው ወረፋ ይሰለፋሉ። ለጋራዥ መለዋወጫ መጋዘን ሲሠሩ ከመካኒኮች ጋር ተሰለፉ፤ ለአውቶቡስ ሲሠሩ ከመንገደኛ ጋር። ተራቸው ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ይሰለፋሉ። «ሰው የቱ ጋ እንደሚናደድ ካላየሁ ምኑን እሠራለሁ?» ይሉ ነበር። ትዳራቸውም ከወረፋ የተገኘ ነው። የልብስ ሰፊዎችን ልኬት የሚይዝ ፕሮግራም ታዘው አንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ባዶ እጃቸውን እየተመላለሱ ቆሙ። ልብስ ሰፊው መጨረሻ ላይ፣ «እመቤት፣ የሚሰፋ ከሌለዎት እኔ ቀድጄ ልስጥዎት?» አሏቸው። በ1997 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በ1999 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

በ2006 ዓ.ም. ባለቤታቸው የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ደም አስፈለገ። እታለም ደም ባንክ ሄደው ተሰለፉ፤ የዚያን ቀን ግን ሥራ ሊያጠኑ አልነበረም። የለጋሾች ስልክ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አንዱ ተቀይሯል፣ አንዱ አይነሣም፣ አንዱ ባለቤቱ ከሞተ ቆይቷል። ባለቤታቸው በሰው ቸርነት ተረፉ። እታለም ግን ወረፋው ከዓይናቸው አልጠፋም። ማንም ሳያዛቸው፣ የአንድ ዓይነት ደም ሲያጥር ያ ደም ያላቸውን በቅርብ ያሉ ለጋሾች በስልክ መልእክት የሚጠራ ፕሮግራም ሠሩ። የመጣውን ያመሰግናል፤ በቅርቡ የሰጠውን አያስቸግርም። ደም ባንኩ ፕሮግራሙን የሚያሠራውን ኮምፒውተር የማኖርበት ክፍል የለኝም አለ። ስለዚህ ማሽኑ በእታለም ሳሎን ጥግ ተቀምጦ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ኖረ። የከተማውን ደም የሚጠራው ከአንድ አሮጌ ሶፋ አጠገብ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ክቡር የደም ባንኩ ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው ሥራው በመሥሪያ ቤታቸው ባለሙያዎች እንደተሠራ ተናገሩ። ተጨበጨበላቸው። እታለም ሶፋው ላይ ሆነው ሳቁ። ይህን የሚጽፈው ወንድማቸው አልሳቀም፤ እስከ ዛሬም አልሳቀም።

በ2015 ዓ.ም. እታለም የደም ካንሰር ተገኘባቸው። አቅማቸው ሳለ ደም ባንክ ሄደው፣ ማሽኑን ተረከቡኝ፣ አያያዙንም ላስተምር ብለው ለመጠየቅ ኃላፊው ቢሮ ደጅ ተቀመጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ኃላፊው ለጸሐፊያቸው «ይቺ ሥራ ፈት ሴትዮ ደግሞ መጣች?» ሲሉ እታለም ሰሙ። ሰምተውም አልተነሡም፤ ወረፋ ያውቃሉ። ቢሮው እስኪዘጋ ጠብቀው ሳይገቡ ተመለሱ።

ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ የእሳቸው ዓይነት ደም አጠረ። ማሽኑ የታመመው ማን እንደሆነ ሳያውቅ እንደ ወትሮው ለጋሾቹን ጠራ፤ እነሱም መጡ። ከእነዚያ መካከል ዛሬ እዚህ ቀብራቸው ላይ የቆማችሁ አላችሁ። ለማን እንደሰጣችሁ ያኔ አልተነገራችሁም፤ አሁን ተነገራችሁ።

በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው በጥር ወር 2017 ዓ.ም. አረፉ። ለልጃቸው የተዉት ኑዛዜ አጭር ነበር፦ «ክፍል እስኪያገኙለት ማሽኑን እንዳታጠፉት።»

አስከሬናቸው ገና ከሐኪም ቤት ሳይወጣ ታላቁ አጎት የለቀስተኛ ወንበር ሊያስደረድሩ ሳሎን ገቡ። ጥግ ላይ የሚያጉረመርመውን አዩና «የሞተ ሰው ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?» ብለው ሶኬቱን ነቀሉት። ቦታው ላይ ወንበር አኖሩ፤ ወንበሩ ላይም ራሳቸው ተቀመጡበት።

ቤቱ ዝም አለ። የእታለም ልጅ ከለቅሶው መሀል ብድግ ያለችው በዚያ ዝምታ ነው፤ ያ ድምፅ የሌለበትን ሳሎን አታውቀውምና። አጎት ተይ ቢሏት አልሰማቻቸውም። ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጥ ቤት ወሰደችና ፍሪጁ አጠገብ ሰካችው። ኤሌክትሪክ ብቻውን ግን አይበቃውም፤ እንዲነሣ ፓስወርድ ይፈልጋል።

ብዙም ሳይቆይ ክቡር ኃላፊው ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ደረሱ። ለጋሾቹ መልእክት እንዳልደረሳቸው ተነግሯቸው ነበር። በዚያ ቤት ሲታዩ የመጀመሪያቸው ነው። ወንድምየውን ወደ ጎን ሳብ አድርገው በሹክሹክታ፣ ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው፣ ግን ያ ሲስተም ቆሟል አሉት።

«የትኛው ሲስተም?» አለ ወንድምየው ጮክ ብሎ። «የእናንተ ባለሙያዎች የሠሩት?»

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «የእታለም» አሉ።

ወንድምየው ኃላፊውን ሶፋው ላይ አስቀመጠና ከቁም ሣጥን አናት አሮጌ ኪቦርድ አውርዶ ጭናቸው ላይ አኖረላቸው፤ ገመዱን በሶፋው ሥር አሳለፈው። ማሽኑ ወጥ ቤት እንደሆነ፣ ፓስወርዱም በሰጣቸው ወረቀት ላይ እንዳለና ረዘም እንደሚል፣ ፊደል እንዳይሳሳቱም ድምፅ አውጥተው እያነበቡ ቢጽፉ እንደሚሻል ነገራቸው። ክቡር ኃላፊው በለቀስተኛ ፊት በአንድ ጣት እየለቀሙ እንዲህ አሉ፦

«ይህን የሠሩት እኛ ሥራ ፈት ያልናቸው እታለም ናቸው።»

«አልገባም» አለች ልጅቷ ከወጥ ቤቱ በር። ዓይኗ አብጦ ነበር። «ጮክ ብለው ይድገሙት።»

ደገሙት። አሁንም አልገባም ተባለ። ሲሠልሱት ታላቁ አጎት ከወንበራቸው ተነሡ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ከኃላፊው ጋር አብረው አሉት።

«ገባ» አለች ልጅቷ። ወጥ ቤቱ ያጉረመርም ነበር።

በማግስቱ ደም ባንኩ ክፍል አገኘ። ለካ ክፍሉ ከጥንትም ነበር፤ የተሰበረ ወንበር ተከምሮበት ነው። ማሽኑ ዛሬ ጠዋት ተወስዶ እዚያ ገብቷል፤ ልጃቸውም ራሷ ሰክታ፣ ድምፁን ሰምታ ነው ወደዚህ የመጣችው።

እታለም ባለቤታቸውን ልብስ ሰፊውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ታናናሽ ወንድሞቻቸውንና እህታቸውን፣ በወረፋም የተዋወቋቸውን አእላፍ ሰዎች ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳያሰልፍ በሩን ይክፈትላቸው። እዚያም ወረፋ ካለ ግድ የለም፤ ቆመው ያዩትና ያሳጥሩታል። ለቀረነው ብርታቱን፣ ለምላሳችንም ልጓሙን ይስጠን።

በመጨረሻ ጸሐፊው ስለ አባቱ አጥንት ሲል አንዲት ነገር ከራሱ እንደጨመረ ያምናል። ሬዲዮው እውነት ነው። ፓስወርድ የሚባል ነገር ግን የለም። ማሽኑ ሶኬት ሲያገኝ በራሱ ይነሣል፤ ክቡር ኃላፊው መኪናቸውን ሳያቆሙ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ያ ኪቦርድም ከሶፋው ሥር ካለው አቧራ በቀር ከምንም ጋር አልተገናኘም። እታለም በካርቶን ተምረዋል፤ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት ክቡርነትዎ ባልተሰካ ኪቦርድ ቢማሩ አይከፋም።